ስልሳ ሽምብራ

«አንቺ ሰው አይደለሽም፤ ቁንጫ ነሽ» አሉኝ ጋሼ በየነ ዓይን ዓይኔን እያዩ። «መቶ ሃያ ላይ ደርሼ ነበር። ሁሉንም አስነሣሽብኝ።»

ከዚያ በፊት ሰውየውን አላውቃቸውም። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች ካለው ረግረግ ቄጠማ ላጭድ ወርጄ ቦዩን ስዘል፣ ከፊቴ አንድ ሜዳ ሙሉ ወፍ ብር ብሎ ተነሣ። ቀጥሎ ከደንገሉ ውስጥ አመድ የመሰለ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ብቅ አሉ። እኔም አፌ አያርፍምና፣ «ሜዳው ነው የእርስዎ ወይስ ወፎቹ?» አልኳቸው።

«ሁለቱም የእኔ አይደሉም። ቆጠራው ግን የእኔ ነበር።»

«ወፍ ቆጥረው ምን ያደርጋሉ? ግብር ሊያስከፍሏቸው ነው?»

አልሳቁም። «ተመልሰው እስኪያርፉ እዚያ ተቀመጪ። ያበላሸሽውን አብረን እንቆጥራለን» አሉኝ። ተቀመጥኩ። እስኪያርፉ ድረስም ስለመቁነጥነጤ ሦስት ጊዜ ተቆጡኝ።

ሥራ የጀመርኩት እንዲህ ነው። አሁን ሌላ ሥራ ይዤ መንገድ ላይ ነኝ። አዲሱ መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ከዚህ በፊት የት እንደሠራሁ የሚገልጽ ወረቀት አምጪ አለኝ። ከሠራሁለት ልብስ ሰፊ ዘንድ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አግኝቻለሁ። ዋናው ሥራዬ ግን፣ አምስት ዓመት ሊሞላኝ አንድ ወር የቀረኝ ሥራ፣ ማኅተምም አለቃም ቢሮም የለውም። ደመወዙ የጋሼ በየነ ባለቤት የእትዬ አስካለ ምሳ ነበር። ስለዚህ ማስረጃውን ራሴ ጻፍኩት።

ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። ሁለተኛ ደረጃ ገብቼ ፈረንሳይኛ ግሥ እያረባሁ ነበር። ከዚያ በኋላ ግሡም መጻሕፍቱም ሣጥን ውስጥ ገቡና እኔ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ካለ አንድ አርመን ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ ተካይ ሆንኩ። ረቡዕና ቅዳሜ እስከ ሦስት ሰዓት እንዲፈቅድልኝ ስጠይቀው ምክንያቱን ጠየቀኝ። ወፍ ልቆጥር ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ዘነበች፣ አንቺ ከምትዋሺ ታምሜአለሁ ብትዪ ይሻላል» አለኝ። ኋላ እውነት መሆኑን ሲያውቅ ለእኔ ሳይሆን ለእናቴ አዘነላት።

ጋሼ በየነ ከጦርነቱ በፊት በመሬት ልኬት ሥራ ሰንሰለት ጎታች ነበሩ። መሐንዲሶቹ በወረቀት ላይ የሚያሰምሩትን መስመር እሳቸው በእሾህና በጭቃ ውስጥ እየጎተቱ ኖረዋል። ለልኬት ሠራተኞቹ የተመደበ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ነበር፤ ወፍ ወዳድ ነው። እነዚህ ረጃጅም እግር ያላቸው የውሃ ዳር ወፎች ከሩቅ ሰሜን፣ በረዶ አገሩን ሲሸፍነው እየሸሹ እኛ ዘንድ የሚከርሙ እንግዶች መሆናቸውን ነገራቸው። በየሳምንቱ እየቆጠርክ ጻፍልኝም አላቸው። ሐኪሙ ጦርነቱ ሳይጀመር ወደ አገሩ ገባ፤ ደብዳቤውም ተቋረጠ። ጋሼ በየነ ግን እንዴት እንደሚቆም አላወቁበትም።

«ማን ሊያነበው ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን መዝገቦቹን ሳይ። ዘጠኝ ደብተር ነው፣ በአማርኛ ቁጥር፣ በቀጭን ብዕር።

«የሚጠይቅ ሲመጣ ይነበባል።»

«የሚጠይቅ ካልመጣስ?»

«ይመጣል። አንድ ቀን አንዱ ተነሥቶ ይህ ሜዳ ድሮም ባዶ ነበር ይላል። ያኔ አልነበረም የሚል ወረቀት ያስፈልጋል። እኔና አንቺማ እንሞታለን፤ ምስክርነታችንም አብሮን ይቀበራል።»

እንዲህ ሲናገሩ እንደ ስብከት አያደርጉትም። ካልሲያቸውን በመርፌ እየጠቀሙ ነው የሚናገሩት።

ሥራውን የተማርኩት በምስር ነው። እትዬ አስካለ ሰፌድ ላይ እፍኝ ምስር ይበትኑና ወዲያው በመሶብ ክዳን ይሸፍኑታል። «ስንት ነው?» ይላሉ ጋሼ በየነ። መጀመሪያ ሠላሳውን መቶ እል ነበር። አንድ በአንድ ለመቁጠር ስለምሞክር ነው። ዓይን አሥርን እንደ አንድ ነገር ማየት እስኪለምድ ድረስ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ የሰው ስብስብ ሳይ እንኳ ሳልፈልግ ቁጥሩ ይመጣልኝ ጀመር። ቅዳሴ ላይ ሴቶቹን ቆጥሬ ጨርሼ ወደ ወንዶቹ ስዞር እናቴ በክርኗ ጎሽማኛለች።

የሩቅ መነጽራቸውን ቀብረውት ነበር። በዚያ ዘመን መነጽር ይዞ ደንገል ውስጥ የተገኘ ሰው ወፍ እያየሁ ነው ቢል የሚያምነው የለም፤ የአርበኞች ሰላይ ነህ ተብሎ ነው የሚወሰደው። ስለዚህ በባዶ ዓይን፣ ማጭድ አጠገባችን አስቀምጠን፣ ቄጠማ አጫጆች መስለን ነበር የምንቆጥረው። ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ፣ ነጭ ነጠላ አለመልበስ፣ ጣት አለመቀሰር። ወፎቹ ሲመገቡ አንድ ጊዜ፣ ሲነሡ ደግሞ ሌላ ጊዜ። የእነሱን የላቲን ስም ሐኪሙ ይዞት ሄዷል፤ እኛ የራሳችን ነበረን። አፉ ረጅሙን ጋሼ በየነ «ወስፌ» ይሉታል። አንድ ትንሽ ቡናማ አለ፣ በቆመበት ወገቡን ከፍ ዝቅ እያደረገ የሚነቀንቅ፤ እሱ «እሺ ባይ» ነው። በብዛት የሚመጣው ደረቱ ሰፊ፣ ላባው ጀርባው ላይ እንደተደረበ የሚመስለው «ባለ ጋቢ» ይባላል። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የሚኖር፣ ሰው ባየ ቁጥር የሚጮኽ ደግሞ አለ። እሱን «ዘበኛ» እንለዋለን፤ ሥራችንን እንደ ዘበኛው ያበላሸብን ፍጡር የለም፣ ከእኔ በስተቀር።

ቁጥሩን የምንይዘው በሽምብራ ነው። ሁለት ኪስ ያስፈልጋል፤ ቀሚሴ ላይ ራሴ ሰፋሁት። ከቤት ሲወጣ ከእትዬ አስካለ ቅል ስልሳ ሽምብራ ተቆጥሮ ቀኝ ኪስ ይገባል። ዓይን አሥር ወፍ ባየ ቁጥር እጅ አንድ ሽምብራ ከቀኝ ወደ ግራ ያሻግራል። ዓይን ከሜዳው አይነሣም፣ አፍም አይቆጥርም። መጨረሻ ላይ የግራው ተቆጥሮ በአሥር ይባዛል። ጥሬ ሽምብራ ግን ጭጋግና ጭቃ ሲነካው ያብጥና ኪስ ውስጥ ይላሽቃል፤ አንድ ጊዜማ የጋሼ በየነ ኪስ ውስጥ በቅሎ ተገኝቷል። ስለዚህ እትዬ አስካለ መቁላት ጀመሩ።

የጋሼ በየነ አመል ደግሞ ይህ ነበር፤ ግራውን ቆጥረው አይነሡም። ቀኙንም ይቆጥራሉ። ሁለቱ ተደምረው ስልሳ ካልሞሉ የቀኑን ቆጠራ ይሰርዙታል። ሰንሰለት ሲጎትቱም እንዲሁ ነበሩ አሉ፤ ሄደው የለኩትን ተመልሰው ይለኩታል። «ሁለቱንም ኪስ» ይሉኛል እኔ ማጭዴን አንሥቼ ለመሄድ ስቸኩል። ስንቀመጥም ስንነሣም «ሁለቱንም ኪስ»። ከዚያ የበለጠ የሚያሰለቸኝ ነገር አልነበረም።

የሰፈሩ ሴቶች ነገሩን ቀስ በቀስ አወቁት። ቄጠማቸውን ተሸክመው ሲያልፉ፣ «ዘነበች፣ ዛሬ ስንቱ ቀረ? ስንቱ አረፈደ?» ይሉኛል።

«አንዱ ታሟል። እናንተን እየጠየቀ ነው» እላለሁ።

«ባል እንዲህ ቁጭ ብለሽ ብትጠብቂ እኮ እስካሁን ሦስት ይመጣልሽ ነበር።»

የመጀመሪያ ቦታዬ ቦዩ አፍ ነበር፤ ትንሽ፣ ለጀማሪ የሚሆን። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ወንዙ መሻገሪያ አዛወሩኝ፣ እሱ ትልቅ ሹመት ነው። በመካከሉ ያ የካቲት አለ። ያን የካቲት የማልጽፈው ስለማላስታውሰው አይደለም። ከዘጠኙ ደብተሮች በአንዱ ላይ አንድ ሳምንት ገጹ ባዶ ነው፤ ጋሼ በየነ ቀኑን ብቻ ጽፈው ትተውታል። በሳምንቱ ከቤት ወጡና ቆጠሩ። እኔም ሄድኩ። ቆጥረን ተመለስን።

ጥፋቴን የሠራሁት በማግሥቱ ዓመት፣ በሁዳዴ ነው።

ጋሼ በየነን ጉልበታቸው ከአልጋ አዋላቸው። መጋቢት ደግሞ ዋናው ጊዜ ነው። ከደቡብ የሚመለሱት እዚሁ የከረሙት ላይ ይጨመራሉ፤ ለመንገዳቸው ሲበሉ ይሰነብቱና ሚያዝያ ሳያልቅ ነቅለው ይሄዳሉ። ረግረጉን በሙሉ ብቻሽን ያዢው አሉኝ። ኩራቴ ከልክ አለፈ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እወርድና ሦስት ሰዓት ላይ እጨርሳለሁ፤ ከዚያ ወደ ቁልፎቼ። ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም። እጄም እንደ እግሬ ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ አያውቅም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ወስፌዎቹን እየቆጠርኩ፣ አንድ ነገር ጥርሴ ላይ ቀጭ አለ።

ሽምብራ ነበር። እየበላሁ ነበር። ግራ እጄ ከግራው ኪስ ያወጣል፣ አፌ ይቀበላል፣ እኔ ወፍ እቆጥራለሁ። ስንት እንደበላሁ አላውቅም፤ ስንት ቀን እንደበላሁም አላውቅም። ቀኙን ቆጥሬ ቢሆን ጉድለቱን በመጀመሪያው ቀን አየው ነበር። አልቆጠርኩም፤ ጋሼ በየነ የሉም፣ ማን ያያል ብዬ። ግራውን ብቻ ቆጥሬ፣ ቀኝ የቀረውን ወደ ቅሉ መልሼ፣ ወደ ልብስ ሰፊው እሮጥ ነበር። ደብተሩ ላይ ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት እያነሰ ሲሄድ ወፎቹ ዘንድሮ ቶሎ ሄዱ ብዬ አምኛለሁ። ራሴ ነበርኩ የምበላቸው።

ለጋሼ በየነ ልነግራቸው አስቤ በራቸው ድረስ ደረስኩ። ከዚያ፣ በሁዳዴ፣ በጠዋት፣ አፌን ሞልቼ ቆሎ ቃምኩ ብዬ እንዴት ልናገር? እትዬ አስካለ እንኳን እህል ውሃም የማይቀምሱ ሴት ናቸው። ዝም አልኩ። ማን ሊያነበው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የሚቀጥለውን ሳምንት አፌን በሻሽ አስሬ ቆጠርኩና ቁጥሩ ወደ ላይ ዘለለ። ይህ ደግሞ ያስነቃል ብዬ ሳልጽፈው ቀረሁ። ይህን ከሽምብራው የበለጠ አፍርበታለሁ።

የሚጠይቅ ግን መጣ።

ታደሰ የእትዬ አስካለ የወንድም ልጅ ነው። ጣሊያንኛ ያውቃል፣ ነጭ ጫማ ያደርጋል፣ አብነት ሰፈር ይኖራል፣ ለአንድ ኮሎኔል ያስተረጉማል። ኮሎኔሉ አንዳንድ እሑድ ረግረጋችን መጥቶ ወስፌ ይተኩስ ነበር። በዚያው ወራት አንድ መሐንዲስ ረግረጉን በድንጋይና በፍርስራሽ ሞልቶ የካሚዮን፣ የጭነት መኪና፣ ማቆሚያ ለማድረግ ወረቀት አዘጋጀ። ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው ኮሎኔሉ ነው። አደኑ እንዳይቀርበት ቢፈልግም፣ መሐንዲሱ «ይህ ባዶ ጭቃ ነው» ሲለው የሚያሳየው ማስረጃ አልነበረውም። ታደሰ «አክስቴ ቤት የወፍ መዝገብ አለ» ብሎ ደብተሩን ወሰደለት። ጋሼ በየነን ደስታ ከአልጋቸው አስነሣቸው። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁት ጠያቂ የመጣው በጣሊያን ጫማ ነው፤ ቢሆንም መጣ።

ሆሣዕና ማግሥት ታደሰ ደብተሩን ይዞ ተመለሰ። ጋሼ በየነ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ እኔ በሩ አጠገብ ቆሜአለሁ።

«ጋሼ፣ መሐንዲሱ የመጨረሻዎቹን ገጾች ገልጦ አሳየው» አለ። «ከአራት መቶ ወደ ሁለት መቶ፣ ከሁለት መቶ ወደ መቶ። ወፉ ራሱ ሜዳውን ትቶታል፣ የራሳቸው ሰዎች የጻፉት ነው አለው። ኮሎኔሉም ተቆጥቶ ልፈርም ነው ብሏል። ከፋሲካ ማግሥት ድንጋይ መድፋት ይጀምራሉ።»

ጋሼ በየነ ደብተሩን ተቀብለው ገጾቹን ደጋግመው አዩ። «ታዲያ እውነት ከሆነ ምን ይደረጋል» አሉ። «ሄደው ከሆነ ሄደዋል። እኛ የምንጽፈው ያየነውን ነው።»

ይህን ባይሉ ኖሮ ዝም ብዬ እወጣ ይሆናል።

«ጋሼ፣ አልሄዱም» አልኳቸው። «በልቻቸዋለሁ።»

«ምን?»

«ሽምብራውን። እየቆጠርኩ እየበላሁት ነበር። በጠዋት፣ በጾም። ሳላውቀው ነው፤ ካወቅሁት በኋላ ደግሞ ደበቅሁ።»

ታደሰ ሊስቅ አፉን ከፈተና የአክስቱን ፊት አይቶ ዘጋው። እትዬ አስካለ አማተቡ። ጋሼ በየነ ደብተሩን ዘጉት።

«ስንት በላሽ?»

«አላውቅም።»

«ቀኙን ኪስ ቆጥረሽ ቢሆን ታውቂው ነበር።»

«አዎ።»

«ጾሙን ለነፍስ አባትሽ ንገሪ» አሉኝ። «እሱ የእኔ ጉዳይ አይደለም። ኪሱ ግን የእኔ ነው። ኪሱን ሳትቆጥሪ በእኔ ደብተር ጻፍሽ።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቁንጫ እንኳ አላሉኝም። በዚያ ሰዓት ቁንጫ ቢሉኝ ኖሮ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር።

ታደሰን ደጅ ላይ ያዝኩት። ረቡዕ ጠዋት ኮሎኔሉን አምጣውና ራሱ ይቁጠር አልኩት። ከሳምንት በኋላ ከሆነ ወፎቹ እውነትም ይሄዳሉ፤ ያኔ የሚቆጠር አይኖርም።

«ምን ብዬ ልንገረው?» አለኝ።

«ቆጣሪዋ ሽምብራውን በላችው በለው።»

«እንዲህ ያለ ነገር በጣሊያንኛ አልናገርም።»

«ሽምብራ በጣሊያንኛ የለም እንዴ?»

«ሽምብራማ አለ። ነውሩ ነው የከበደኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘነበች፣ ለመንግሥት ሐሰተኛ ጽሑፍ አቀረበች ብለው ቢያስሩሽስ? ከዚህ ባነሰ ነገር የገቡ አሉ። እኔንም ይጨምሩኛል እኮ።»

«አንተ ጫማህን ቀይረህ ትገባለህ» አልኩት። ፈርቼ ነበር፤ ስፈራ ነው አፌ የሚብሰው።

ረቡዕ ገና ሳይነጋጋ የእትዬ አስካለ በር ላይ ስደርስ ጋሼ በየነ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በትር ይዘው ቆመዋል። ሰሙነ ሕማማት ነው። «ስግደቴን ከሰዓት እሰግዳለሁ» አሉ ለባለቤታቸው እንጂ ለእኔ አይደለም። እትዬ አስካለ ቅሉን አውጥተው ስልሳ ቆጥረው ሰጡኝ።

«ቅመሺው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ጾም ነው።»

«በምላስሽ ንኪው ብቻ።»

ነካሁት። እሬት ነው። ሌሊቱን በእሬት ነክረው አድርቀውታል። «ዛሬ ብትበዪ አንቺ ራስሽ ታውቂዋለሽ» አሉኝና ቅሉን ይዘው ገቡ።

ኮሎኔሉ አጭር፣ ሙሉ ሰው ነው፤ ጠመንጃም ውሻም ይዞ መጣ። ታደሰ ከኋላው ጫማውን ከጭቃ እያዳነ ይዘላል። «ጠመንጃውም ውሻውም ካሚዮኑ ውስጥ ይቆዩ በለው» አልኩት። ታደሰ ከእኔ አራት እጥፍ የሚረዝም ንግግር ተናገረ። ኮሎኔሉ ግን እኔን አይቶ ሳቀና ጠመንጃውን ለሹፌሩ ሰጠ። ሽምብራውንም ጠየቀ፤ አሳየሁት። አንዱን አንሥቶ አፉ ውስጥ ሲጨምረው ማንም ለመከልከል አልደረሰም። ፊቱ ተጨማደደ፣ ተፋው፣ ለታደሰም አንድ ነገር አለው።

«ምን አለ?»

«ይህን ሦስት ሳምንት የበላ ሰው ይታመናል አለ።»

ጋሼ በየነ ቦዩ አፍ፣ እኔ መሻገሪያው ላይ፣ ኮሎኔሉ ደግሞ መካከሉ ላይ ካለው ጉብታ መነጽሩን ይዞ ተቀመጥን። ማንም የሌላውን ቁጥር እንዳይሰማ። ሜዳው ጭጋጉ ሲነሣለት ሙሉ ነበር። ባለ ጋቢዎቹ ውሃው ዳር እስከ ዳር፣ ወስፌዎቹ ጭቃውን እየወጉ፣ እሺ ባዩ እሺ እያለ። ልቤ ልትዘል ደረሰች፤ እግሬን ግን አላንቀሳቀስኩም። ሠላሳኛው ሽምብራ ላይ ስደርስ ኮሎኔሉ የተሻለ ለማየት ብድግ አለ። ዘበኛው ጮኸ፤ ሜዳው በሙሉ ተነሣ።

«ይኸኛው ደግሞ ዝሆን ነው» አሉ ጋሼ በየነ ከደንገሉ ውስጥ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

ኮሎኔሉ ወደ ታደሰ ዞረ። ኋላ ታደሰን ምን ብሎ እንደተረጎመለት ጠየቅሁት፤ ሽማግሌው ለጤናዎ እየጸለዩ ነው ብሎታል።

እስኪያርፉ ጠበቅን። ፀሐይዋ እየሞቀች፣ የእኔ ጉልበት እየደነዘዘ። ያን ያህል ሳልነቃነቅ ተቀምጬ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አልተቀመጥኩም። ተመልሰው አረፉ። እንደገና ከመጀመሪያው።

ስንጨርስ ጋሼ በየነ ጋቢያቸውን ጭቃው ላይ ዘረጉት። መጀመሪያ የእሳቸው ተቆጠረ፤ ግራ አርባ ስድስት፣ ቀኝ አሥራ አራት። ከዚያ እኔ። ግራዬን አፈሰስኩ፤ አርባ አምስት። ሁሉም ቀና ሲሉ፣ «ቆዩ» አልኩና ቀኙን አፈሰስኩ። አሥራ አምስት። ጋሼ በየነ ቀና ብለው አላዩኝም፤ በጣታቸው አንድ በአንድ እየነኩ ስልሳውን ራሳቸው ደገሙት። ኮሎኔሉ በወረቀቱ ላይ አራት መቶ አርባ ጽፏል።

«ባዶ ጭቃ» አለ ኮሎኔሉ፣ መሐንዲሱ የለም እንጂ ለእሱ ነው የተናገረው። ታደሰ ሳይጠየቅ ተረጎመልን።

በዚህ መቆም ይቻል ነበር፤ እኔ ግን መቆም አልችልም። የጥቅምቱን ደብተር ገልጬ ታደሰን ጠራሁት። «ይህን አሳየው። እሱ የተኮሰበት እሑድ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ሜዳው ላይ ምን እንደቀረ ይይ። በየእሑዱ ከመጣ መሐንዲሱን የሚፈልገው የለም፤ እሱ ብቻውን ይበቃል።»

«ይህን አልተረጉምም» አለ ታደሰ።

«ተርጉም» አሉት ጋሼ በየነ።

ተረጎመ። በዚያ ጊዜ ኮሎኔሉ አልሳቀም። ደብተሩን ተቀብሎ ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ ታደሰን አንድ በአንድ አስነበበው። ከዚያ በወር አንድ እሑድ አለ። ይህን ቃል ለሁለት ወር ጠብቆታል፤ ሦስተኛው ላይ ረሳው። ረግረጉን ግን ለሁለት ከፈለው። ከላይ፣ ወደ ሰንጋ ተራ በኩል ያለው ለካሚዮኖቹ ተሞላ። የታችኛው፣ ከቦዩ እስከ መሻገሪያው ድረስ ያለው፣ አይነካም ተብሎ ተጻፈ። ግማሹን አጣን፤ ከፋሲካ ማግሥት ድንጋዩ ሲደፋ ቆመን አየን። የአጫጆቹ ሴቶች ቄጠማ ያለው ግን ከታች ነው። ከዚያ በኋላ ስንቱ አረፈደ ብለው ሲጠይቁኝ መልሱን ቆመው ይሰሙ ጀመር።

«ለጣሊያን አዳኝ ወፍ ጠበቅሽለት» ያለኝም ሰው አለ። ለአዳኙ አልነበረም። ጣሊያን ሲወጣ አዳኙ ሄደ፤ ካሚዮኖቹም ሄዱ። ወፎቹ በነሐሴ መጨረሻ እንደ ልማዳቸው ታችኛው ላይ አረፉ።

በሦስቱ የሁዳዴ ሳምንታት ገጾች ላይ ጋሼ በየነ ቀይ መስመር አሰመሩና ከግርጌው «አይታመንም፤ ቆጣሪዋ ተርባ ነበር» ብለው ጻፉ። እንዲቀደዱ ለምኜ ነበር፤ እምቢ አሉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አብረን ቆጠርን። አሁን ሁለት የአጫጆቹ ሴቶች ጀምረዋል፤ በምስሩ ላይ ከእኔ ይሻላሉ፣ አንደኛዋማ ምስሩ ከተሸፈነም በኋላ የምትቆጥረው የሚያስመስል ዓይን አላት።

ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ለጅማ አስተማሪ ተፈልጎ ማመልከቻ አስገባሁ፤ ተቀበሉኝ። ትናንት ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ልሰናበታቸው ሄድኩ። ካሚዮኑ ልደታ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። የድርሻዬን ሽምብራ በከረጢት አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላቸው።

ጋሼ በየነ አፍስሰው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።

«ሃምሳ ዘጠኝ» አሉ። «አንዷስ?»

እጄን ከፍቼ አሳየኋቸው።

ሽምብራዋን አዩ፣ እኔን አዩ። ደብተሩን ሳቡና የቀኑን መስመር ፈልገው እያነበቡልኝ ጻፉ። «ሃምሳ ዘጠኝ። አንዷ ጅማ ሄዳለች።» ብዕሩን አስቀመጡ። «ሂጂ በይ፣ ቁንጫ። ካሚዮኑ ያመልጥሻል።»

እትዬ አስካለን ሳምኩ። ሻንጣዬን አነሣሁና ሽምብራዋን ቀኝ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።